የጣቢታ ሁለተኛ ዓይን

ጣቢታ ሁለት ዓይን ነበራት። አንደኛው በፈረንጆቹ 1887 ተስሎ፣ በእሳት ተተኩሶ፣ መስታወቱ ላይ የቀረ ነው። ሁለተኛው የጥፍር ቀለም ነው። ይህን ያወቅሁት ሰኞ ጠዋት፣ በአጉሊ መነጽር ጉንጯን ስመረምር ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ላይ ባለው ሥዕል ጣቢታ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። ከጎን ስለተሳለች ሊኖራት የሚገባው ዓይን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ መርፌዋ ያያል። ሁለተኛው ዓይን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ጉንጯ ላይ ተቀምጧል። ትልቅ፣ ክብ፣ ጥቁር፣ ዙሪያው ነጭ፣ እንደ አገር ቤት መላእክት ዓይን ፊት ለፊት የሚያፈጥ። የሳለው ሰው እጁ ተንቀጥቅጧል። ቢሆንም ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር።

እኔ የምሠራው የድሮ የመስታወት ሥዕል በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይህንኑ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ለሰው ስታስረዳ "መስኮት ትሠራለች" ትላለች። ይህ ሥራ ሲመጣ አለቃዬ "የአንቺ ሰዎች ናቸው፣ አንቺ ሂጂ" አለችኝ። ቋንቋውን እችላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከተሳለምኩ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ ያንን አልነገርኳትም፣ አልጠየቀችኝምም።

ሥራው ያለበትን የቶሮንቶ ቤተ ክርስቲያን የሠሩት እንግሊዞች ናቸው። ምእመናኑ እያረጁ አለቁና ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የኛዎቹ ገዙት። መጋረጃ ሰቀሉ፣ ምንጣፍ አነጠፉ፣ አግዳሚውን አውጥተው ግድግዳ ግድግዳውን ለሽማግሌዎች ወንበር ደረደሩ። መስኮቶቹን ግን አልነኳቸውም፤ ሕንፃው በከተማው ቅርስ መዝገብ ውስጥ ስላለ ያለ ፈቃድ ሚስማር እንኳ አይመታበትም። መስታወቶቹን አያይዞ መቶ ምናምን ዓመት የተሸከመው የእርሳስ ብረት ሲደክም መስኮቶቹ ሆዳቸውን ነፉ። የጣቢታ የባሰበት ነበር። ከሥሩ የሚቆሙት ሴቶች ናቸው። ይወድቃል ተብሎ ተፈራ፣ ተጠራን።

የጣቢታን መስታወት አውርጄ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ መብራት አድርጌ አስተኛሁት። የመስኮቱን ክፍተት በኮምፔንሳቶ ደፈንኩት። ሥራው ብቻዬን ነው። ሁለት ሳምንት፣ አንድ የቤት ማሞቂያ ራዲያተር፣ አንድ እኔ። እንደዚህ ነው የምወደው፤ ቢያንስ ስጠየቅ የምለው እንደዚያ ነው።

በሩን በየጠዋቱ የሚከፍቱልኝ እትዬ ጸሐይወርቅ ነበሩ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል መጥተው ሠላሳ ዓመት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተዋል፤ አሁን ሴንት ጄምስ ታውን ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያኑን የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልቀጠራቸውም። በመጀመሪያው ቀን የሥራ ጫማዬን አይተው መንገዴ ላይ ቆሙ።

"በጫማ?"

"እትዬ፣ ብረት ያለው ጫማ ካላደረግሁ ሕጉ አይፈቅድልኝም። መስታወት እግሬ ላይ ቢወድቅ—"

"እዚህ ቤት በጫማ የሚገባ የለም። ሕጉን ለቅዱስ ሚካኤል ንገሪው።"

በመጨረሻ የተስማማነው አዲስ፣ መንገድ ያልረገጠ ጫማ ገዝቼ እዚያው እንዳስቀምጥ ነው። ሳጥኑን ስከፍት ሶሉን ገልብጠው ፈተሹት፣ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። "መጣሽ?" ይሉኛል። "መጣሁ" እላለሁ። እኔ ወደ ታች እወርዳለሁ፤ እሳቸው በሴቶች በኩል ግድግዳው ሥር ባለችው ወንበራቸው ይቀመጣሉ። ዕቃ ልወስድ ስወጣ አያቸዋለሁ። ኮምፔንሳቶውን እያዩ ተቀምጠዋል። መጽሐፍ የለ፣ መቁጠሪያ የለ። ሰው ለምን እንጨት ያያል ብዬ ሳስብ ወደ ሥራዬ መመለስ ስለነበረብኝ ተመለስኩ።

ዓይኑን ባገኘሁበት ቀን ግን ስለሳቸው አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ሪፖርቴ ነው። ምክንያቱን ወዲያው ያገኘሁት መስሎኝ ነበር። በኛ የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ነው፦ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ገራፊዎቹ ወታደሮች። እንግዲህ አንድ ሰው ቀና ብሎ ቅድስቲቱን ጣቢታን በአንድ ዓይን ሲያያት ደነገጠ፣ ከገራፊዎቹ ወገን እንዳትቆጠር ሁለተኛውን ጨመረላት። ንጹሕ ማብራሪያ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩበት፤ ጥሩ አንቀጽ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ጋሽ በርናባስ ናቸው። ሥራቸው ሊፍት መጠገን ነው፤ ስደውልላቸው ድምፃቸው ከጉድጓድ እንደሚመጣ ያስተጋባል፣ የሚመጣውም ከጉድጓድ ነው።

"ጋሽ በርናባስ፣ አንድ ሰው ጣቢታ ጉንጭ ላይ ዓይን ስሎባታል።"

"ምን?"

"ዓይን። በጥፍር ቀለም።"

ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው በሊፍቱ ጉድጓድ ወደ ላይ ወጣ። "ስንት ዓመት ቆሜ ሳስቀድስ እኔ አላየሁትም እኮ!"

"ወንዶች በኩል ነው የሚቆሙት።"

"እሱስ ልክ ነሽ። ታዲያ ምን ችግር አለው? አንድ ከሚኖራት ሁለት አይሻላትም?"

"ፈቃዱ 'እንደ ጥንቱ' ይላል። ባለሙያ መጥቶ ያያል።"

"እንደ ጥንቱ ከሆነ አጥፊው በቃ። ግን መጀመሪያ ፎቶ ላኪልኝ፣ ለባለቤቴ ላሳያት። የአርቡን የመስቀያ ቀን አታስተላልፊብኝ፣ እሁድ ንግሥ አለ።"

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ጸሐይወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። ጣቢታ በጀርባዋ ተኝታ ከሥሯ ይበራል፤ ሁለተኛው ዓይን ብርሃን ስለማያሳልፍ ድፍን ጥቁር ሆኖ ተጎልቷል።

"አገኘሽው?" አሉ።

"ምኑን?"

"አትቀልጂብኝ ልጄ። የበርናባስ ሚስት ፎቶውን ለግማሽ ቶሮንቶ ልካዋለች።"

የሳሉት እሳቸው መሆናቸው ያኔ ገባኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ማስተማር ጀመርኩ። ልማድ ነው። የሠሩት ሰዎች እያንዳንዱን ነገር በትርጉም እንዳስቀመጡት አስረዳኋቸው። እግሯ ሥር ያለው ነጭ አበባ ንጽሕና ነው። ዳር ዳሩን የሚዞረው ሐረግ በክረምት የማይረግፍ ቅጠል ነው፤ የማትሞት ነፍስ ማለት ነው። የምትሰፋው ቀይ ጨርቅ ፍቅር ነው፤ ያ ቀይ መስታወት የተሠራው በወርቅ እንደሆነ የሚነገር አለ፣ የዚህኛው ግን መዳብ ነው። ከታች ስሟ የተጻፈው ሴት በሠላሳ አንድ ዓመቷ ሞታ ባሏ በስሟ ያሠራላት ነው። ፊቷን ከጎን ያደረጉት ክፉ ናት ለማለት አይደለም። በዚያ ዘመን ለእንግሊዞች ጨዋ ሴት ማለት ለሚያያት ሰው ዓይን የማትሰጥ፣ ሐሳቧ ሥራዋ ላይ የሆነ ሴት ናት።

እትዬ ጸሐይወርቅ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ክፉ ናት ያለሽ ማነው?"

"አንድ ዓይን ስለሆነች... በኛ አሳሳል..."

"ጣቢታን አላውቃትም? ሐዋርያው ጴጥሮስ ከሞት ያስነሣት፣ ለመበለቶች ልብስ ስትሰፋ የኖረች። ምነው፣ ያልተማርኩ መሰልኩሽ?"

"አይደለም እትዬ። ታዲያ ለምን ሳሉት?"

"ስለማታየኝ።"

ወንበር ሳብኩላቸው። ተቀመጡና ሻርፓቸውን አስተካከሉ። የተናገሩት እንደ ወሬ እንጂ እንደ ምሥጢር አልነበረም።

"በኮሮና ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ቅዳሴው በስልክ ሆነ። ቧንቧው በረዶ እንዳይሆን ውሃ የሚለቅ ሰው ያስፈልጋል ተባለ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በሳምንት ሁለቴ መጣሁ። ውሃ እለቃለሁ፣ አቧራ አነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። የበረዶው ወራት ሙሉ። ጎረቤቴ የኔ በር ሲከፈት ከሰማ የሱን ይዘጋል። ሊፍት ውስጥ ሰው ግድግዳ ያያል። በአውቶቡስ ሁሉም ፊቱን ያዞራል። ልክ ናቸው፣ በሽታ ነው። እዚህ መጥቼ ቀና ስል እሷም ፊቷን አዙራለች።"

"ሌሎች ሥዕሎች አሉ እኮ። ከፊት ያሉት—"

"መጋረጃው ተዘግቷል፤ ሥዕሎቹን ቄሱ ወደ ቤት ወስደዋቸው ነበር። የቀረችው እሷ ናት።" ጣታቸውን ወደ ጣቢታ ዘረጉ፣ አልነኳትም። "በአገር ቤት ሥዕል ማለት የሚያይሽ ነው። የትም ጥግ ብትቆሚ ያይሻል፤ ስታፍሪ እንኳ ያይሻል። ይቺ ግን ስፌቷን ነው የምታየው።"

"ሥራ ላይ ናት" አልኩ።

"እኔም ሠላሳ ዓመት ሥራ ላይ ነበርኩ። ሰው ሲገባ ቀና እል ነበር።"

አጉሊ መነጽሬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

"ከዚያማ ሱቅ ሄጄ ጥቁርና ነጭ አልኳት ልጅቷን። ለልጅ ልጅሽ ነው? አለችኝ። አዎ አልኩ፤ ልጅ የለኝም እንኳን የልጅ ልጅ። ወንበር ላይ ወጣሁ። ወድቄ ብሞት እስከ ፋሲካ የሚያገኘኝ አልነበረም፤ ሳስበው እየሳቅሁ ነው የሳልኩት፣ ለዚህ ነው የተንጋደደው። ወርጄ ቀና ስል አየችኝ።" ሻርፓቸውን ሳብ አደረጉ። "አራት ዓመት አየችኝ። አሁን ታጠፊዋለሽ?"

"አለብኝ።"

"መቼ?"

"ነገ።"

"እሺ" አሉና የደረጃውን ብረት ያዙ። አልለመኑኝም። ቢለምኑኝ እምቢ ማለት እችል ነበር፤ እምቢ ማለት እችልበታለሁ።

ወደ ቤቴ፣ ወደ ክሬሰንት ታውን ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ያን ጥሩ አንቀጽ ሰረዝኩት። በቦታው የሚገባ ዓረፍተ ነገር አልመጣልኝም። ከዚያ መፍትሔ መፈለግ ጀመርኩ፤ ከደግነት አይደለም፣ ያልተፈታ ነገር ስለማልችል ነው። መፍትሔው አለ። በሙያችን የጠፋ መስመር ሲኖር በዋናው መስታወት ላይ አንስልም። ስስ ሌላ መስታወት ላይ ስለን ከኋላው እናስደግፈዋለን። ማንም በፈለገው ጊዜ ያነሣዋል፤ ዋናው አይነካም። ከተማው ይህን ይቀበላል፣ ለአለቃዬ ጽፌ እሷም "ለምን አይሆንም?" አለች። ረቡዕ ማለዳ ድርጅቱ ውስጥ የሳቸውን ዓይን መንቀጥቀጡን ጭምር ገልብጬ ሳልኩት፣ ተኮስኩት፤ ከሰዓት ይዤው ሄድኩ።

እትዬ ጸሐይወርቅ ቁራጩን በብርሃን አንጻር ያዙት። ዘለግ ላለ ጊዜ አዩት።

"ያንቺ እጅ ነው?"

"የኔ።"

"ከኔ ይሻላል።"

"ከኋላዋ አስቀምጠዋለሁ። እንደነበረው ይሆናል፣ ፈቃድም አለው። እርስዎ ካሉበት ሲታይ ልዩነት የለውም።"

"አይሆንም" አሉና መለሱልኝ።

"ለምን?" ድምፄ ከፍ አለ። "ማለዳ ተነሥቼ ነው የሠራሁት!"

"እኔ ስስለው የሚያውቅ አልነበረም። አሁን አንቺ አወቅሽ፣ አለቃሽ አወቀች፣ በርናባስ አወቀ፣ ከተማው ሊፈርምበት ነው። ጸሐይወርቅ የሚያያት ስላጣች ዓይን በኮሚቴ ተሠራላት ይባል?"

"ማንም እንደዚያ አይልም።"

"እኔ እላለሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር እላለሁ። አዝነሽልኝ የሠራሽው ዓይን ያዝንልኛል እንጂ አያየኝም።"

"አላዘንኩም።"

"አዝነሻል። ፊትሽ ላይ አለ።"

ፊቴ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ የነገረኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

"ማጥፊያው ይኸው ነው?" ጠርሙሱን አነሡ። "አሴቶን። ይሄማ ሱቅ ያለው ነው። ስጪኝ፤ የሳልኩት እኔ ነኝ።"

ሕጉ አይፈቅድም። ጓንት አስጠለቅኋቸው፣ መነጽሬን አደረግሁላቸው፣ መስኮቱን ከፈትኩ። በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ መጠቅለል አሳየኋቸው። "አይሹት። ያንከባልሉት። አንዴ ካንከባለሉት ይጣሉት፣ አዲስ ይያዙ።" ሲጀምሩ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። መጀመሪያ ነጩ ሄደ። ከዚያ ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፣ ከጥጡ ጋር ተነሣ። ለየጥጡ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ራዲያተሩ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ይህን ያህል ጊዜ የቆየሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ።

የመጨረሻው ጥቁር ሲነሣ ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ። መጠበቅ ነበረብኝ። በዚያ ዘመን የተሠራ አንዳንድ ቀለም ደህና አልተተኮሰም፤ ከመስታወቱ ጋር በደካማ ክር ነው የተያያዘው። የጥፍር ቀለሙ ሲደርቅ የጉንጯን ጥላ ይዞት ተሰባስቦ ነበር፣ አሁን አብሮት ወጣ። ዓይኑ በነበረበት ቦታ ባዶ መስታወት ቀረ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ከሥሩ ያለው መብራት እንዳለ የሚወጣበት።

"ምንድን ነው?" አሉ።

"የድሮው ቀለም ተነሥቷል። የርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ቀድሞም ላልቶ ነበር።" ግማሽ እውነት ነው። ከዚያ የማላምንበትን ነገር ተናገርኩ፤ በዚያች ቅጽበት ልናገረው የቻልኩት እሱን ብቻ ስለሆነ። "ከፈለጉ እንዲህ ልተወው። ከታች ሲያዩት ያበራል። ዓይኑ የነበረበት ቦታ ያበራል።"

ወደ ባዶው ቦታ ጎንበስ አሉ። ብርሃኑ በመነጽሬ በኩል ፊታቸው ላይ ወጣ።

"ብርሃን ነው" አሉ። "ብርሃን አያይም።"

ጓንቱን አወለቁ፣ ጣት በጣት፣ እንደ ውሰት ዕቃ በክብር። የተጠቀሙበትን ጥጥ ሁሉ ሰብስበው ቆሻሻ ውስጥ ጨመሩ፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ወጡ።

ባዶውን ቦታ እንደ ሙያዬ ሞላሁት። በሌላ ስስ መስታወት ላይ የጉንጭ ጥላ ብቻ ስዬ ከኋላዋ አስደገፍኩ። እርሳሱን በየመጋጠሚያው በየድኩ፣ ስቱኮውን ሞላሁ፣ አርብ ሰቀልኳት። ሪፖርቱ ላይ "ኋላ የተጨመረ ቀለም፣ የቀባው አልታወቀም፣ ተነሥቷል" ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ በርናባስ ከሥሯ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንደ ጥንቱ!" አሉ። እውነትም እንደ ጥንቱ ነበረች። ከአጠገቧ የሚቆም ሰው ቢኖር ባይኖር ግድ የማይሰጣት፣ ቆንጆ፣ ስፌቷ ላይ ያጎነበሰች።

በቀጣዩ ሰኞ ሁለተኛውን መስኮት ልጀምር ስመጣ በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ በርናባስ ናቸው፤ ሥራ እንደረፈደባቸው እየነገሩኝ።

"እትዬ ጸሐይወርቅስ?"

"ቁልፉን መለሱ። ጉልበቴን አሞኛል አሉ። ኮል ባደርግ አያነሡም። ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?"

"አልተጣላንም።"

"እንግዲያው አንቺው ያዢው" ብለው ቁልፉን መዳፌ ላይ ጥለው ወደ መኪናቸው ሮጡ።

ሰኞና ማክሰኞ ያለ ማንም ሠራሁ። "መጣሽ?" የሚለኝ የለም። በሥራ ጫማዬ ከመንገድ ቀጥ ብዬ ብገባ የሚያየኝ አልነበረም። ወንበራቸው ባዶ ነው፤ ዕቃ ልወስድ በወጣሁ ቁጥር ባዶነቱን አያለሁ። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ መንገዴ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ሳለ በሌላኛው ባቡር ወደ ሴንት ጄምስ ታውን ሄድኩ። ሕንፃውን ከጋሽ በርናባስ ጠይቄ ነበር። በር ላይ ካለው ሰሌዳ ስማቸውን ፈልጌ ቁጥሩን ተጫንኩ። ብዙ ጠራ።

"ማነው?"

"ብሩክታዊት ነኝ እትዬ። የመስኮቷ።"

"ምን ተበላሸ?"

"ምንም አልተበላሸም።"

"ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?"

ከኋላዬ ሁለት ፌስታል የያዘ ሰውዬ መጥቶ ቆመ። ለምን እንደመጣሁ የተዘጋጀ ነገር አልነበረኝም። የተዘጋጀ ነገር ሳይኖረኝ የትም ሄጄ አላውቅም።

"ላይዎት ነው የመጣሁት።"

በስተኋላ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። የቆረጡት መሰለኝ።

"ዛሬ ቤቱ አልተጠረገም" አሉ። "ሐሙስ ነይ።"

"ሐሙስ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ አለኝ።"

"ከአሥራ ሁለት በኋላስ ማን ከለከለሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ነይ" አሉና ተቋረጠ።

ሰውዬው በቁልፉ ከፍቶ በሩን በትከሻው ደግፎ ያዘልኝ። በእንግሊዝኛ እየገባሽ ነው? አለኝ።

"ሐሙስ" አልኩት።